ዶቂ የሚኖረው የቶሮንቶ ሰው

ሮባ ቢክያ ድሮ በጉሮሮ ነበር፤ አሁን በባትሪ ነው። አሮጌ ዕቃ ገዢው ሰውዬ ባለሦስት እግር ሞተሩ ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅሎ፣ አንዴ የቀዳውን ጩኸት እየደጋገመ፣ ራሱ ሻዩን ፉት እያለ በካይሮው የዶቂ ሰፈር መንገዶች ያልፋል። ድሮ ግን አህያ በሚጎትተው ጋሪ ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ እጁን ጆሮው ላይ ደግኖ «ሮባ ቢክያ!» ሲል አምስተኛ ፎቅ የተኛ ሰው ይነቃ ነበር። ቃሉ የጣልያን ነው ይባላል፤ አሮጌ ዕቃ ማለት ነው አሉ። እንዴት እዚህ እንደደረሰ አላውቅም፤ እኔም እንዴት እዚህ እንደደረስኩ በደንብ ስለማላስረዳ አልፈርድበትም። ብቻ ይህን ጩኸት በሰማሁ ቁጥር ጆሮዬ ይግላል። ሌላው ሰው ሲያፍር ፊቱ ነው የሚቀላው፤ የእኔ ሐፍረት ጆሮዬ ላይ ነው የሚወጣው፤ ምክንያቱን ስነግራችሁ ትፈርዱልኛላችሁ ወይም ትፈርዱብኛላችሁ።

ካይሮ የመጣሁት አገር በተገለባበጠ ሰሞን ነው። «የትኛው መገለባበጥ?» ለሚለኝ ወጣት «ምርጫህ ነው» እለዋለሁ። ያኔ ከታደሰ ጋር፣ እስከ ዛሬም ጓደኛዬ ከሆነው ከታደሰ ጋር፣ ዶቂ ውስጥ ከአንድ ሕንፃ ጣሪያ ላይ የተሠራች አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር። በአንድ በኩል የተከራዮች ልብስ ማስጫ፣ በሌላ በኩል የርግብ ቤት፣ መሀል ላይ እኛ። አንዲት ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነበረችን፤ አንቴናዋን ከልብስ መስቀያ ሽቦ ጠምዝዘን ስለሠራንላት ነፋስ በነፈሰ ቁጥር አንዳችን ወጥተን እንይዛታለን። አረብኛችን ዳቦ ከመግዛት ስለማያልፍ የግብፅን ፊልም የምናየው በግምት ነበር። ባለ ጢሙ ሰውዬ ሲቆጣ ታደሰ «ልጅቱን ከልክሎት ነው» ይላል፤ እኔ አንቴናውን ይዤ ከውጭ «አሁንስ ምን ሆነ?» እላለሁ። የቪዲዮ ማጫወቻ የገዛ ሰው ቤት ደግሞ ዓርብ ዓርብ ግጥም ብሎ ይሞላል። ከአገር ቤት አዲስ ካሴት መጣ ሲባል ፊልም እንዳይመስላችሁ፤ ሠርግ ነው። የማናውቃቸው ሰዎች ሠርግ። ካሴቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ዞሮ፣ የሙሽራዋን አጎት በአለባበሱ እስክንለየው፣ የትኛው ሚዜ መቼ እንደሚሰናከል አስቀድመን እስክናውቅ እናየዋለን። የሙሽራው እናት ሲመርቁ ሴቶቹ ያለቅሳሉ፤ እኛ ወንዶቹም ሲጋራ ለመግዛት ብለን እንወጣለን። ሱሪያችን ሰፊ ነበር፤ የሸሚዛችን ትከሻ የሌላ ሰው ይመስል ወደ ክንዳችን ይወርድ ነበር። እኔ ከዓርብ ገበያ የገዛሁት ጥቁር የቆዳ ጃኬት ነበረኝ፤ ቆዳ እንኳ አልነበረም፣ ፀሐይ ሲነካው ይላላጥ ነበር።

እንጀራዬ የወጣው ከድስት ነው። ለአንድ የውጭ አገር ቤተሰብ ምግብ አብሳይ ሆኜ ተቀጠርኩ፤ ማብሰሉ ሲያልቅ መወልወል፣ መወልወሉ ሲያልቅ መተኮስ። ዛሬ ሳወራው ምንም አይደለም። ያኔ ግን ሽርጥ ታጥቄ የእመቤቲቱን ቀሚስ ስተኩስ የአባቴ ዘመዶች በመስኮት የሚያዩኝ ይመስለኝ ነበር። ለአገር ቤት «ቢሮ ነው የምሠራው» ብዬ ጻፍኩ። ቢሮስ ነበር፤ ሰውየው ቤቱ ውስጥ ያለውን ቢሮ ጠዋት ጠዋት እወለውል ነበር። በዚያ ላይ ስደተኞች የምንመላለስበት መሥሪያ ቤት «ኬስህ ክሎዝድ ሆኗል» ብሎኝ ነበር፤ ፋይልህ ተዘግቷል፣ ወደ ሌላ አገር አትሄድም ማለት ነው። ካይሮ በዚያን ጊዜ ለእኛ ከተማ ሳትሆን ፌርማታ ነበረች። አብረውኝ የመጡት ተራ በተራ ወደ ካናዳ፣ ወደ አውስትራሊያ ሲበሩ አየር ማረፊያ ሸኝቼ በአውቶቡስ እመለሳለሁ። ፌርማታ ላይ የሚያረጅ ሰው ደግሞ አላፊ አግዳሚው ሁሉ «አንተ አሁንም አለህ?» የሚለው ይመስለዋል።

ታዲያ በዚያ መሀል ኢንተርኔት የሚባለው ነገር መጣ። ኡስታዝ ሐምዲ የሚባል ግብፃዊ ከእኛ መንገድ ጥግ፣ ድሮ ጫማ ይሸጥበት በነበረ ቤት ኮምፒውተር ደርድሮ ከፈተ። ሰዓቱ ሁለት ጊኔ ነበር። በሁለት ጊኔ ያኔ ፉል በልታችሁ፣ ሻይ ጠጥታችሁ፣ የአውቶቡስ ይተርፋችኋል፤ ስለዚህ የኢንተርኔት ሰዓት ቀልድ አልነበረም። በግራ በኩል የሰፈሩ ልጆች የኳስ ጌም ይጫወታሉ፤ አንዱ ባገባ ቁጥር «ጎ—ል!» ሲሉ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል። በቀኝ በኩል፣ ወደ መንገዱ በሚከፈተው መስኮት ሥር የእኔ ወንበር አለች። ማይክሮፎን ያለው ማዳመጫው ስፖንጁ አልቆ ፕላስቲኩ ጆሮ ይበላ ነበር፤ እኔ ግን ከነጉዳቱ እወደው ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለኝም። ገላዬን ታጥቤ፣ ሸሚዜን ተኩሼ፣ ያን የሚላላጥ ጃኬት ደርቤ፣ ሽቶ ነስንሼ እሄዳለሁ። ታደሰ በሩን ተደግፎ «ወንድሜ፣ ማን ሊያይህ ነው? የምትልከው'ኮ ድምፅህን ነው» ይለኛል። እኔ ግን ያልተተኮሰ ሸሚዝ በድምፅ ውስጥ የሚታወቅ ይመስለኝ ነበር።

የምሄደው ወደ አንድ የድምፅ ክፍል ነው። ለዛሬ ልጆች ላስረዳ፦ ኮምፒውተሩ ላይ «ክፍል» የሚባል ነበር፤ በየዓለሙ ዳርቻ ያለ ሐበሻ የፈለገውን ስም ለራሱ አውጥቶ ይገባና ያወራል። መልክ የለም፤ ስምና ድምፅ ብቻ። ለመናገር አንዲት ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ነው፤ ሲጨርሱ መልቀቅ። ፈረንጅ እንዲህ አድርጎ ሲሠራው ሐበሻ እንደሚገባበት አላሰበም። እኛ ሰው ሲያወራን ዝም ብለን መስማት የት እንችላለን! «እሺ»፣ «አቤት»፣ «ውይ»፣ «ይገርማል» ካላልን ያኮረፍን ይመስልብናል። ስለዚህ እኔ ጣቴን ከቁልፏ ላይ አላነሳም ነበር፤ ሰው ሲያወራ ከሥር ከሥሩ «እሺ… እሺ…» እላለሁ። ሰላምታውማ አይነሳ። አንድ ሰው ሲገባ ሁሉም በየተራ ጤንነቱን ይጠይቀዋል፤ እሱም የሁሉንም ይጠይቃል፤ ይህ ሳያልቅ ሌላ ሰው ይገባል። ክፍሉን የሚመሩት «አጋፋሪ» የሚል ስም ያወጡ፣ ፍራንክፈርት የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሳይሰናበቱ መውጣትን እንደ ትልቅ ነውር ያያሉ። ሰላምታ ሳልጨርስ ኡስታዝ ሐምዲ ትከሻዬን መታ አድርጎ «ኸላስ ያ ባሻ፣ ሰዓትህ አለቀ» ያለኝ ቀን ብዙ ነው። ሁለት ጊኔ ከፍዬ «እንዴት ዋላችሁ» እና «ደህና ዋሉ» ብቻ ብዬ የወጣሁበት ጊዜ አለ።

መጀመሪያ የገባሁ ዕለት አጋፋሪ «ወንድማችን፣ ከየት ነው ድምፅዎ?» አሉኝ። ከእኔ በፊት የተናገሩት ከስቶክሆልም፣ ከሜልበርን፣ ከዋሽንግተን ነበሩ። «ከካይሮ» ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን «ከቶሮንቶ» ነው። ለምን ቶሮንቶ? መጨረሻ የሸኘሁት ጓደኛዬ የበረረው ወደዚያ ስለነበር ይሆናል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ «የቶሮንቶው» ሆነ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔ ግን እያደር ከበደ። ኢንጂነር ሆንኩ። መኪና ገዛሁ። ክፍሉ ከመግባቴ በፊት የቶሮንቶን የአየር ጠባይ ከፍቼ አያለሁ። አንድ ቀን ግን ሳላይ ገብቼ «ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ በረዶ ስዝቅ ዋልኩ» አልኩ። ሐምሌ ነበር። አጋፋሪ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ዘንድሮ የአየሩ ነገር የት ይታወቃል!» አሉና ጨዋታውን ቀየሩት። ሽማግሌው ስለ ካናዳ ምንም አያውቁም ብዬ ደስ አለኝ። በእውነት ቶሮንቶ የምትኖር አንዲት ሴትዮም ነበረች፤ አንድም ቀን «የት ሰፈር ነህ?» ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። እሷንም ከሞኝ ቆጠርኳት።

ሙና የምትባለዋ ግን ሌላ ነበረች። ሮማ ነኝ ትላለች። ሥራዋን ሳትሸፋፍን «የአንዲት አሮጊት ጠባቂ ነኝ፤ ገላዋን አጥባለሁ፣ ታሪኳን እሰማለሁ» ትላለች። ንግግሯን ሁሉ የምትጀምረው «እንግዲህ ምን ይባላል» ብላ ነው። ከዚያ የምታወራው ትንንሽ ነገር ነው፤ አሮጊቷ ሰው ሠራሽ ጥርሷን የት እንደደበቀች፣ የታች ቤት ድመት በየትኛው መስኮት እንደገባች። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል፤ እኔ ግን የምወደው ከሳቁ በኋላ የምታመጣውን ትንሽ ዝምታ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሽንኩርት ስከትፍ በልቤ «እንግዲህ ምን ይባላል» እላለሁ። ልነግራት የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወድጄሻለሁ። ነገር ግን ማን ነው የወደዳት? ቶሮንቶ ያለው ኢንጂነር እንዳልል እሱ የለም። ዶቂ ያለው ምግብ አብሳይ እንዳልል እሱን አታውቀውም። ዓርብ በመጣ ቁጥር ዛሬ እውነቱን እነግራታለሁ ብዬ እገባለሁ፤ የቶሮንቶን አየር ተናግሬ እወጣለሁ።

እንዲህ እያልን አንድ ዓርብ ደረሰ። ሙና ስለ አሮጊቷ እያወራች ነው፤ እኔ ከሥር «እሺ… አቤት…» እላለሁ። ድንገት ማዳመጫው ውስጥ «ሮባ ቢክያ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ጆሮዬ ውስጥ ነው የጮኸው። ቀና ብዬ በመስኮቱ ሳይ አህያው ጋሪውን እየጎተተ ከጥጉ ይታጠፋል። ያው ጩኸት በማዳመጫውም በመንገዱም! በሙና በኩል ሮባ ቢክያ ከተሰማ ሙና ሮማ አይደለችማ። ካይሮ ናት። ካይሮም ብቻ አይደለም፤ እዚችው መንገድ ላይ፣ ይኸው አህያ በሚያልፍበት ደጅ ናት። እንደ እኔው ካይሮን አፍራባት ሮማ ነኝ ብላለች አልኩ። ሌባ እናት ልጇን አታምንም፤ እኔም ከራሴ ሌላ ማሰብ አልቻልኩም።

በዚያን ዕለት አንድ አዲስ ገቢ ነበር፤ ስሙ ጠፍቶኛል። ስታወራ የነበረችው ሙና ስለሆነች ጩኸቱን በእሷ ላይ ጣለው።

«ይቅርታ እህቴ» አለ፣ ሳቁን እያፈነ፤ «ሮማ ውስጥ ደግሞ የአረብ ጩኸት መጣ እንዴ? ቤሩት ነሽ ካይሮ? ንገሪን እንጂ፤ የአረብ ቤት መሥራት ምን ያሳፍራል?»

ሙና ዝም አለች። «እንግዲህ ምን ይባላል» እንኳ አላለችም። ያቺን ዝምታ አውቃታለሁ ብዬ አሰብኩ፤ ሰው ጉድጓድ ሲፈልግ የሚያመጣት ዝምታ ናት።

«ዝምታማ ማመን ነው» አለ ሰውዬው።

«ከእኔ ነው» አልኩ። የራሴ ድምፅ የሌላ ሰው መሰለኝ። «ጩኸቱ ከእኔ ነው የመጣው። ካይሮ ነኝ። ቶሮንቶን የማውቃት በካርታ ነው። ኢንጂነርም አይደለሁም፤ የሰው ቤት ምግብ አበስላለሁ።»

በግራዬ ልጆቹ «ጎ—ል!» አሉ። ማዳመጫውን አውልቄ ኪቦርዱ ላይ ጣልኩና፣ አጋፋሪን ሳልሰናበት፣ መልስ ሳልቀበል ወጣሁ። ኡስታዝ ሐምዲ «ያ ባሻ፣ መልስህን!» እያለ እስከ በሩ ተከተለኝ። ከዚያን ቀን በኋላ ወደዚያ ክፍል አልተመለስኩም። ስሙንም የይለፍ ቃሉንም እርግፍ አድርጌ ተውኩት። አስፋልት ላይ ስሄድ በዓለም ዙሪያ ያለ ሐበሻ ሁሉ ሽርጤን ያየብኝ ይመስለኝ ነበር።

ከሐፍረቱ ሥር ግን፣ እንዴት ብዬ ልናገረው፣ አንዲት ኩራት ነበረችኝ። ያቺን ሴት ከውርደት አድኛታለሁ። የእሷን ጩኸት የእኔ ነው ብዬ ሸክሟን ተሸክሜላታለሁ። ይህን ለታደሰ ነገርኩት፤ ታደሰ ለሰፈሩ ነገረ፤ ኋላ ኋላ እኔው ራሴ ሻይ በቀረበ ቁጥር አወራው ጀመር። ባወራሁት ቁጥር ዝምታዋ ይረዝማል፣ ሰውየው ይከፋል፣ እኔ እሻላለሁ። ታደሰ «እስቲ ያቺን ያዳንካትን ሴት ንገራቸው» ሲለኝ እንደ አርበኛ ተሽኮርምሜ ነበር የምጀምረው።

ፍለጋውም ያኔ ተጀመረ። ጩኸቱ በአንድ ጊዜ ለሁለታችን ከተሰማ ሩቅ አይደለችም። ከመንገዱ ማዶ ሴቶች በመጋረጃ ተከልለው የሚቀመጡበት ሌላ ኢንተርኔት ቤት ነበር፤ ዓርብ ዓርብ በሩ ላይ ቆሜ የሚወጡትን ሐበሾች ድምፅ አዳምጣለሁ። መልኳን ስለማላውቅ በጆሮዬ ነበር የምፈልጋት። ሜትሮ ውስጥ አማርኛ ከሰማሁ ከመውረጃዬ አልፌ እሄዳለሁ። እህቶቻችን ከአሠሪ ቤት ወጥተው አውቶቡስ የሚጠብቁበት የካይሮ ሌላ ጫፍ፣ ሄሊዮፖሊስ ድረስ ሄጃለሁ። እዚያ አንዲት ከረጢት ሙሉ ቲማቲም የያዘች ሴትዮ ከኋላ ከኋላዋ ስል ዘወር ብላ፣

«አንተ ሰውዬ! ምን ሆነህ ነው የምትከተለኝ? ያዕኒ ሌባ ነህ ወይስ ዕብድ?» አለችኝ።

«ድምፅሽን ልሰማ ነው» አልኳት። እውነቴን ነበር። ከረጢቱን ከነቲማቲሙ አናቴ ላይ አሳረፈችው። «ማሌሽ እህቴ፣ ማሌሽ» እያልኩ ቲማቲሟን ከአስፋልት ላይ ስለቅምላት ሰው ሁሉ ከበበን። ድምፁ የእሷ አልነበረም።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። የኡስታዝ ሐምዲ ቤት ተዘግቶ የስልክ ሽፋን መሸጫ ሆነ። ጌም ይጫወቱ የነበሩት ልጆች መላጣ አባቶች ሆነው ከልጆቻቸው ጋር በስልክ ጉዳይ ሲጨቃጨቁ አያቸዋለሁ። አሠሪዎቼ ወደ አገራቸው ሲመለሱ እኔና ታደሰ ዶቂ ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት ከፈትን፤ ሽርጡ የራሴ ሆነ። ትዳር አልሸሸሁም፤ ግን አንዲት ሴት በዚህ መንገድ ላይ ትኖራለች እያልኩ ስጠብቅ ጊዜው አለፈ። እዚያው ጠበቅሁ። ከዶቂ ያልወጣሁትም፣ ከተጠየቅሁ፣ ለዚያ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ከጣልያን የመጡ ሐበሻ ተሳላሚዎች ገዳማቱን ሲዞሩ ውለው በአውቶቡስ እኛ ዘንድ ለምሳ መጡ። ረቡዕ ስለነበር የጾም ነው ያቀረብነው። ሽሮውን ይዤ በጠረጴዛዎቹ መሀል ሳልፍ ከጥግ በኩል አንዲት ሴት፣

«እንግዲህ ምን ይባላል፣ ወንድሜ» አለች፤ «ሚጥሚጣ ቢኖርህ ደግሞ ደስ ባለኝ።»

ሽሮውን አጠገቤ ያለው ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ነጠላ የለበሰች፣ መነጽር ያደረገች፣ ፀጉሯ ከፊት ሸበት ያለባት ሴት ናት። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ድምፁ አንድም ቀን አላረጀም።

«ሙና?» አልኳት።

እጇ ከእንጀራው ላይ ቆመ። «ይህን ስም ማን ነገረህ?»

«የቶሮንቶው ነኝ።»

አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከዚያ ተነስታ አገላብጣ ሳመችኝ። እውነተኛ ስሟ አስካለ ነው፤ አሮጊቷን ቀብራለች፤ አግብታ ሁለት ልጆች ወልዳ አሳድጋለች። ይህን ሁሉ ቆመን ነገረችኝ፤ ከዚያ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ልነግራት የተዘጋጀሁት ብዙ ነበር፤ በየትኛው በር ላይ እንደቆምኩ፣ ስለ ቲማቲሟ ሴትዮ። «ከካይሮ መቼ ነው የወጣሽው?» ብዬ ጀመርኩ፤ አልሰማችኝም። ባለ ሞተሩ ከደጅ ደርሶ ድምፅ ማጉያው «ሮባ ቢክያ! ሮባ ቢክያ!» ይል ነበር።

አስካለ ወደ በሩ ዞረች። «ቃሉስ ጣልያንኛ ነው» አለች፤ «ማን ነው ግን እንዲህ የሚጮኸው?»

ካይሮ የኖረ ሰው ይህን አይጠይቅም። አንድ ሳምንት ያደረ ሰው እንኳ አይጠይቅም።

«አሮጌ ዕቃ ገዢ ነው» አልኳት፣ ቀስ ብዬ።

«ውይ! ይሄ ነው እንዴ? ያን ቀን አንተ ጋ ይጮህ የነበረው?»

«እኔ ጋ? አንቺ ጋ ነው እንጂ።»

«እኔ ጋ? ሮማ? እኔ'ኮ ካይሮን ስረግጥ ትናንት የመጀመሪያዬ ነው።» ሳቀች፤ ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን ተወችው። ለበሽተኛ እንደሚወራ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አንተ'ኮ ጣትህን አታነሳም ነበር» አለችኝ። «እኛ ስናወራ ከሥር ‹እሺ፣ አቤት› ትለናለህ። ከኋላህ ልጆች ‹ጎል› ይላሉ፤ አዛን ይሰማል፤ አንድ ሰውዬ እየመጣ በአረብኛ ይጠራሃል። ሁላችንም እንሰማ ነበር።»

«ሁላችሁም? ከመጀመሪያው?»

«ከመጀመሪያው። አጋፋሪም ያውቁ ነበር። ያቺ የቶሮንቶዋ ሴትዮማ ‹አደራ፣ ሰፈር እንዳትጠይቁት፣ ያፍራል› ብላ ለምናን ነበር። ያ አዲስ ገቢ ነው ያላወቀው።»

«ታዲያ አንቺ ለምን ዝም አልሽ ያን ቀን?»

«ምን ልበል? ‹ከእኔ አይደለም› ብል አንተን ማጋለጥ ነው። እኔን የፈለጉትን ይበሉኝ ብዬ ዝም አልኩ።»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። የመንገዱ ጩኸት ስፖንጅ በሌለው ማዳመጫ በኩል ጆሮዬ ሲገባ፣ ከእኔው ጣት ሥር በማይክሮፎኔ ወጥቶ ዓለምን ሲዞር፣ እኔ የእሷ ነው ብዬ ራሴን ጀግና አደረግሁ። በዕድሜዬ ውሸት ነው ብዬ የተናገርኩት እውነት ያ ብቻ ነው፤ በእሱም ስንት ዓመት ስኩራራበት ኖርኩ። ከዚያስ? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ሮማ ያለችውን ሴት ሄሊዮፖሊስ ፌርማታ ላይ! ጆሮዬ ነደደ። ቀና ስል ታደሰ ማማሰያውን ይዞ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሟል፤ ሁሉንም ሰምቷል። ያን ታሪክ በሰፈሩ ያዞረው ታደሰ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አላሾፈብኝም። ሚጥሚጣውን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ተመለሰ።

«ለምን አልተመለስክም?» አለችኝ።

«አፈርኩ።»

«አጋፋሪ'ኮ ዓርብ ዓርብ ክፍሉን ሲከፍቱ መጀመሪያ ‹የቶሮንቶው ገብቷል?› ነበር የሚሉት። እስኪያርፉ ድረስ። አንድም ሰው የካይሮው ብሎህ አያውቅም።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ጻፍኩልህ» አለች፣ እንጀራዋን እያየች። «ያን ቀን አፍህን ሞልተህ ‹የሰው ቤት አበስላለሁ› ስትል ነው የወደድኩህ። በዚያው ስምህ ጻፍኩ፤ ዛሬ ያየው ይሆናል፣ ነገ ያየው ይሆናል እያልኩ። እንግዲህ ምን ይባላል… ኋላ አገባሁ።»

ሹፌሩ ከውጭ ክላክስ አደረገ። ስልክ ተለዋወጥን። አውቶቡሱ ላይ ስትወጣ ደግፌያት ነበር፤ ደረጃው ላይ ዞር ብላ «ሽሮህ ግን ጥሩ ነው» አለችኝ፤ እኔም «ስለወደድሽው ደስ ብሎኛል» አልኩ።

በሳምንቱ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ የምግብ ቤቱ በራፍ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። የድምፅ መልእክት ነው። «እንግዲህ ምን ይባላል፣ በሰላም ገብተናል» ትላለች፤ ከኋላዋ የሕፃን ሳቅ ይሰማል፣ የልጅ ልጇ ይሆናል። ከዚያ እያሾፈችብኝ፣ «አንተስ፣ የቶሮንቶው፣ የት ነህ?» አለች። ፈረንጅ ያችኑ ቁልፍ መልሶ ስልክ ውስጥ አምጥቷታል፤ ለመመለስ ተጭኖ መያዝ ነው። ተጫንኩ። «ካይሮ ነኝ» ልል አፌን ስከፍት ከመንገዱ ጥግ፣ ገና ከሩቅ፣ የሮባ ቢክያው ድምፅ ሲመጣ ሰማሁ። ጆሮዬ ጋለ። ጣቴን ሳላነሳ እስኪደርስ ጠበቅሁት።